ማኅተም የሌለው ማስታወቂያ

ሰኞ፣ ነሐሴ 18

አፕ ይሁን ተባለ። ገና ወንበሬን ስቤ ሳልቀመጥ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ዶክተር ጌትነት ስልካቸውን ከፍ አድርገው፣ «ሌሎቹ ሁሉ አላቸው፤ የእኛም ዓርማ እዚህ ላይ መታየት አለበት» አሉ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅሁ፤ ለምን እንደ ነቀነቅሁ አላውቅም።

ከስብሰባው ስወጣ ሥራው ትከሻዬ ላይ ነበር። «የዩኒቨርሲቲው የሞባይል ስትራቴጂ»፣ ለሚቀጥለው ሰኞ። ስሙ ብቻውን ያስፈራል። ሲፈታ ግን አንድ ጥያቄ ነው፤ ተማሪው በእጁ ባለው ስልክ የእኛን ወሬ እንዴት ያግኝ?

ዩኒቨርሲቲያችን ትንሽ የግል ተቋም ነው። አብዛኛው ተማሪያችን የርቀት ተማሪ ስለሆነ ግቢውን የሚያየው ለምዝገባና ለፈተና ሲመጣ ብቻ ነው። ከይፋግ ይመጣል፣ ከእንፍራንዝ ይመጣል፣ ከሐይቁ ደሴቶች ይመጣል። በቀረው ጊዜ የሚያውቀን በስልክ ነው። ድረ ገጻችን ደግሞ የተሠራው ለጠረጴዛ ኮምፒውተር ነው። በስልክ ሲከፈት መጀመሪያ የፕሬዚዳንቱ ፎቶ ይመጣል፣ ቀጥሎ የሕንጻው፣ ቀጥሎ የምረቃው። ምዝገባ መቼ እንደሆነ ለማወቅ አውራ ጣት እስኪዝል ወደ ታች መውረድ ነው። ሲገኝም ጽሑፍ አይደለም፤ ተፈርሞበት፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ስካን ተደርጎ የተጫነ ደብዳቤ ነው። ከባድ ነው። ኔትወርክ በሳሳበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ያወቅሁት በእታለም ነው። እታለም የምላት ታላቅ እህቴ ይታይሽ ናት፤ ደቅ ደሴት ላይ ታስተምራለች። እናታችን ስትሞት ትምህርቷን አቋርጣ እኔን አሳደገችኝ። እኔ ራሴን ስችል በማታ ተምራ የመምህርነት ሰርተፍኬቷን ያዘች፤ ዲግሪው ግን እንዳማራት ቀረ። አምና እኛ ጋ ልትመዘገብ ቆርጣ ነበር። ማስታወቂያው ስልኳ ላይ አልከፈትም ብሎ ብሎ፣ ሲከፈትላት ቀኑ አልፏል። እኔ ያኔ አዲስ አበባ ስልጠና ላይ ነበርሁ። አልወቀሰችኝም። «ለከርሞ ነው እንግዲህ» ብላ ስለ ቤቴ ኪራይ ጠየቀችኝ።

ዘንድሮ ወረዳው እንድትማር ፈቅዶላታል። ለዘንድሮ ብቻ፤ ለከርሞ ተራው የሌላ መምህር ነው። ስለዚህ ሌላው ስትራቴጂ ሲል እኔ እታለምን ነው የማየው።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 19

ሰይድ ስለ አፑ ስነግረው ሳቀ። ሰይድ አብሮኝ የሚሠራ ፕሮግራመር ነው፤ የወረታ ነጋዴ ልጅ ስለሆነ ማንኛውንም ነገር መጀመሪያ በገዢው ዓይን ነው የሚያየው። «አፑን ለማውረድ የሚበቃ ዳታ ያለው ሰው ድረ ገጹንም ይከፍታል። አንች የምታስቢለት ሰው ያ ዳታ የለውም» አለኝ። ተስማማን፤ አፑ ይቆይ፣ መጀመሪያ ድረ ገጹ ይቅለል።

የሚወጡ፦ ተንሸራታቹ ፎቶዎች ሁሉ። የፕሬዚዳንቱ የእንኳን ደህና መጣችሁ መልእክት (ማን ይነግራቸዋል?)። አምና ያለቀው የስፖርት ውድድር ዜና።

ከላይ የሚቀመጡ፦ ምዝገባ። ውጤት። የፈተና ቦታ። ሰው የሚያነሣው ስልክ ቁጥር።

ከሰዓት በኋላ የምዝገባ ቅጹ ላይ ተቀመጥን። ለትልቅ ስክሪን የተሠራ ስለሆነ በስልክ ሲሞላ ማለቂያ የለውም። የአያትን ስም ሁለት ጊዜ ይጠይቃል። ፋክስ የሚል ሳጥን አለው። «ፋክስ ያለው ተማሪ ከተገኘ አበባ ይዤ ቤቱ ድረስ እሄዳለሁ» አለ ሰይድ። ሰረዝነው። «የቅርብ ተጠሪ» የሚለውን ደግሞ እኔ ነኝ የሰረዝሁት። ማንም ለተጠሪ ሲደውል አይቼ አላውቅም። ቅጹ በአንድ ትንፋሽ የሚሞላ ሆነ፤ ደስ አለኝ።

በዚህ መሐል የሬጅስትራር ኃላፊዋ ወይዘሮ እማዋይሽ አዲስ ደብዳቤ ይዘው መጡ። የርቀት ትምህርት ምዝገባው ቀርቧል፤ በዚህ ሳምንት ቅዳሜ ያበቃል። ዋናውን የትምህርት ማስረጃ ይዞ በአካል መቅረብ ግድ ነው። ስካን ላድርገው ብለው ሲነሡ፣ «ይተዉት እትዬ፣ እኔ በጽሑፍ አወጣዋለሁ፤ በስልክ ወዲያው እንዲከፈት» አልኋቸው።

«ማኅተሙስ?»

«ለስልክ አያስፈልግም፤ ዋናው መልእክቱ ነው።»

በመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «እስቲ ይሁን» ብለው ሄዱ።

ጻፍሁት። መጨረሻው ላይ ደብዳቤው ውስጥ የሌለ አንድ መስመር ጨመርሁ፦ «ከደቅ በጀልባ የምትመጡ፣ ቅዳሜ ጀልባ የለምና በዓርቡ ጠዋት ጀልባ ተሳፈሩ፤ ማስረጃችሁን በላስቲክ ጠቅልሉ፣ ወቅቱ ክረምት ነው።» ሰይድ አንብቦ «ይሄ የዩኒቨርሲቲ አማርኛ አይደለም» አለ። ተወው አልሁት።

ለእታለም ልደውል ስልኬን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥሁት። እሷ በየማታው ኔትወርክ ወደሚይዝበት ዳር ወርዳ ገጻችንን እንደምታይ አውቃለሁ። እስቲ ከገጹ ትስማው። ለሷ ከተከፈተ ለማንም ይከፈታል። እስከ ነገ ማታ ዝም ካለች እደውልላታለሁ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 20

ዛሬ ፈተና ቀን ነበር፤ ለገጹ። ከጥበቃ፣ ከጽዳት፣ ከካፍቴሪያ አሮጌ አሮጌ ስልኮች ተውሰን ከሰይድ ጋር ሐይቁ ዳር ወረድን። መስታወቱ የተሰነጠቀው የጥበቃው ስልክ ላይ እንኳ ብቅ አለ። ዝናብ መጣና ዛፍ ሥር ተጠጋን። ሰይድ ስልኮቹን ጃኬቱ ውስጥ ከቶ ጫጩት እንዳቀፈች ዶሮ ቆሞ ነበር፤ ፎቶ አነሣሁት። ለስትራቴጂው ሽፋን ይሆናል ስለው በቁም ነገር ተቆጣ።

እታለም የደወለችው ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ይሰማል።

«ማስቴ፣ ወዲያው ነው የተከፈተልኝ። ገና ሳልነካው።»

ከዚያ በኋላ ያለችኝን ለትንሽ ጊዜ አልሰማሁም፤ ለሰይድ በእጄ ምልክት እየሰጠሁ ነበር። ስመለስ እንዲህ እያለች ነው፦ «ግን ማኅተም የለውም። እዚህ መምህራኑ ሁሉ የውሸት ነው እያሉ ነው። ባለፈው በመምህራኑ የስልክ ግሩፕ እንዲሁ ያለ ማኅተም ተጽፎ ለፍተው መጥተው ባዶ ቢሮ አይደል የጠበቃቸው? ይሄ እውነት የናንተ ነው ወይስ...»

ተቋረጠ።

መልሼ ደወልሁ። የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አልተቻለም። ደግሜ፣ ደግሜ። «የኛ ነው፣ ዓርብ ነይ» ብዬ መልእክት ላክሁ። አልደረሰም።

ከአፌ አንድ ቃል ቢወጣ ይበቃ ነበር። «አዎ» ብቻ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 21

ጠዋትም የለችም። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ጋ ደወልሁ፤ እሱም የለም። ወደብ ሄጄ ስጠይቅ ትናንት ማታ መብረቅ ነበር፣ ደሴቱ ላይ ኔትወርክ የለም አሉኝ። መቼ ይሠራል ብሎ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

ወይዘሮ እማዋይሽ ቢሮ ገባሁ። እንደ ጥፋተኛ ተማሪ በር ላይ ቆሜ ነገርኋቸው፤ እህቴ እንዳላመነች፣ መምህራኑ እንዳላመኑ፣ ማኅተም አያስፈልግም ያልሁት እኔ እንደሆንሁ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ወንበር ሳቡልኝ።

«ልጄ፣ እኔ ራሴ የምፈርመውን ደብዳቤ ማኅተም ካልመታሁበት አላምነውም» አሉ። ማስታወቂያውን አሳትመው ከመሳቢያቸው ማኅተሙን አወጡ። እንደ ልማዳቸው እፍ እፍ አሉበት፤ ሙቀት ካልነካው ደህና አይወጣም ይላሉ። ከዚያ በሁለት እጃቸው ተጫኑት። ክቡ ሰማያዊ ሆኖ ሙሉ ወጣ። «ይሄን በጀልባ ላኪላት።»

ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልዬ ተመልሼ ወደብ። የሞባይል ስትራቴጂ የምትጽፍ ሴት ማስታወቂያ በጀልባ ልትልክ! በራሴ ሳቅሁ፤ ሳቁ ግን አልቆየም። ወደ ደቅ የሚሄደው ጀልባ እንደ ታሰረ ነው። ሐይቁ ቡናማ ሆኖ ይዘላል። ባለ ጀልባው ኮፍያውን አውልቆ፣ «እትዬ፣ ዛሬስ አንወጣም። ሰው ይዤ እንዲህ ያለ ውኃ ላይ አልገባም» አለኝ። እውነቱን ነው። ምን እለዋለሁ?

የነገው ጀልባ ሌላ ነው፤ እዚያው ደቅ አድሮ ጠዋት ወደዚህ የሚመጣ። መነሣቱን እንኳ የሚያውቅ የለም። ቢነሣስ እሷ ትሳፈርበታለች ወይ?

ሰይድ የማኅተሙን ምስል አሳንሶ ከጽሑፉ ሥር ለጠፈው። አሁን ቀላልም ነው፣ የሚታመንም ነው። እታለም ግን ልታየው አትችልም። ባጃጅ ውስጥ አለቀስሁ። ሹፌሩ በመስታወት አይቶኝ ሙዚቃውን ቀነሰው።

ዓርብ፣ ነሐሴ 22

መጥታለች! ቀድሜ ልጻፈው።

ከጠዋት ጀምሮ ወደቡ ላይ ቆምሁ። ነፋሱ በርዷል፣ ውኃው ግን ገና አልረጋም። ጀልባው ከሚመጣበት ሰዓት አለፈ። አጠገቤ ጌሾ የምትጠብቅ ነጋዴ ነበረች፤ «ይመጣል፣ ይመጣል» ትለኛለች፣ ለራሷም ይመስለኛል። በኋላ ከሩቅ ነጥብ ሆኖ ታየ። እስኪደርስ ዓይኔን ከላዩ አልነቀልሁም።

እታለም ከጌሾው ጆንያ ኋላ ነበረች። ነጠላዋ ከላይ እስከ ታች ርሷል። ደረቷ ላይ ግን በላስቲክ የተጠቀለለ ማኅደር ይዛለች፤ ድርብ ላስቲክ።

አቅፌያት መልቀቅ አቃተኝ። «ተይ አንች፣ ትረጥቢያለሽ» ትላለች። የያዝሁትን ጃኬት አለበስኋት። «እንዴት አመንሽው? ማኅተም የለውም አላልሽም?» አልኋት።

«አላመንሁም ነበር። ደግሜ ደጋግሜ አነበብሁት። የዓርቡን ጀልባ ይላል። ዩኒቨርሲቲ የጀልባችንን ቀን በምን ያውቃል? ማስረጃችሁን በላስቲክ ጠቅልሉ ይላል። አንች ትምህርት ቤት ስትሄጅ ደብተርሽን በላስቲክ የምጠቀልልልሽ እኔ አይደለሁም? ይሄን የጻፈችው ልጄ ናት አልሁና ተነሣሁ።»

ማኅደሯን ተቀብዬ እኔም ደረቴ ላይ አቀፍሁት።

ሁለት መምህራን ግን ቀርተዋል። አብረዋት ሊመዘገቡ ነበር። «እህቴ ናት የጻፈችው ብላቸው እህትሽን እናውቃታለን፣ ማኅተሙ የታለ አሉኝ። አልፈርድባቸውም» አለች።

ቢሮ ወሰድኋት። ወይዘሮ እማዋይሽ ማስረጃዎቿን አንድ በአንድ አዩ፤ ጠርዙ እንኳ አልራሰም። «በዚህ ዝናብ እንዲህ ደርቆ የመጣ ወረቀት ዘንድሮ አላየሁም» አሉ። ከዚያ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጣ ቅጹን በራሷ ስልክ ሞላች። እኔ ከጎኗ፣ ሰይድ ከኋላዋ። አንድ ቦታ ላይ እንኳ አልተደናቀፈችም። ሰይድ ደስ ብሎት ትከሻዬን በክርኑ ይነካካል።

ስትጨርስ ስልኩን ወደ ላይ ወደ ታች ትለው ጀመር።

«ምን ፈለግሽ እታለም?»

«ተጠሪ የሚጻፍበት የታለ?»

ሰርዘነዋል አልኋት፤ ቅጹ እንዲያጥር።

«ውይ» አለች ቀስ ብላ። «ካንደኛ ክፍል ጀምሮ ያንች ተጠሪ እኔ ነበርሁ። ዛሬ ደግሞ አንችን እጽፋለሁ ብዬ ጀልባው ላይ ሁሉ ሳስበው ነው የመጣሁት።» ከዚያ ወዲያው፣ «ግዴለም፣ አጭር ነው፣ ጥሩ ነው» ብላ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሰይድ ውኃ ላምጣ ብሎ ወጣ።

እሑድ፣ ነሐሴ 24

ሁለት ቀን አብራኝ ነበረች። አንድ አልጋ ላይ ተኛን፤ እንደ ድሮው ብርድ ልብሱን ሁሉ ወደ እኔ ትገፋዋለች። ትናንት በሐይቁ ዳር ረጅም መንገድ ሄድን። የምታስተምራቸው ልጆች ዲግሪ ልትማር መሆኑን ሰምተው «ከዚያ በኋላ ትተሽን ትሄጃለሽ ወይ?» ብለው እንደ ጠየቋት ነገረችኝ። አልሄድም ብላቸዋለች። እኔ ግን ብትመጣልኝ እወድ ነበር፤ አልነገርኋትም።

ዛሬ ጠዋት ተመለሰች። የቀሩትን የሁለቱን መምህራን ነገር ለወይዘሮ እማዋይሽ አስቀድሜ አማክሬ ነበር። «በማክሰኞው ጀልባ ከመጡ እመዘግባቸዋለሁ፤ ጥፋቱ የእኛም ነው» ብለዋል። ያንን ማኅተም ያለበትን ወረቀት በላስቲኩ እንዳለ ለእታለም ሰጠኋት፤ ታሳያቸው። ማታ ከደሴቱ ተደወለልኝ፤ ኔትወርኩ ተመልሷል። በደህና ገብታለች።

ሰኞ፣ ነሐሴ 25

ስብሰባው አለቀ። ብዙ ስላይድ አዘጋጅቼ ነበር፤ የመጀመሪያውን ብቻ አሳየሁ። የቀረውን በቃሌ ተናገርሁ። ገጹ ስለ ቀለለ የተከፈተላት፣ ማኅተም ስለ ሌለው ያላመነች አንዲት የደቅ መምህርት። እህቴ መሆኗን አልደበቅሁም። ስህተቱ የእኔ መሆኑንም።

ዶክተር ጌትነት እስክጨርስ ሰሙኝ። ያልጠበቅሁት ወይዘሮ እማዋይሽን ነው፤ በስብሰባ ላይ ብዙ አይናገሩም። «ከእያንዳንዱ ማስታወቂያ ሥር የእኔ ስምና የቢሮዬ ስልክ ይጻፍ። ማኅተሙም በትንሹ ይታይ። የተጠራጠረ ይደውልልኝ፣ አነሣለሁ» አሉ።

የተወሰነው፦ ማስታወቂያ ሁሉ በጽሑፍ፣ ከሥሩ ማኅተም፣ ስምና ስልክ። እያንዳንዱ ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት ከግቢው ውጭ ለሚኖር ተማሪ ይነበብለት፤ ምን እንዳልገባው ይጠየቅ። የፕሬዚዳንቱ ፎቶ ይቆያል፤ ከታች፣ አንሶ። አፑ አልቀረም፤ «ከመጀመሪያው ፈተና በኋላ እናየዋለን» አሉ ዶክተር ጌትነት። ያኔ ደግሞ ሌላ ክርክር ይጠብቀኛል። ይሁን።

እኔ አንድ ነገር ለመንሁ፤ የተጠሪው ሳጥን ይመለስ። ለምን እንደሆነ የጠየቀኝ የለም። ሰይድ እዚያው ተቀምጦ መለሰው።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 26

ከሁለቱ መምህራን አንደኛው መጣ። ላስቲክ ውስጥ ያለችውን ወረቀት ይዞ፤ መልሼ ላስረክብ ብሎ። ሌላኛው ሚስቱ ታማበታለች፣ መምጣቱ እንጃ። ወይዘሮ እማዋይሽ ሰዓታቸውን አይተው መዝገቡን ሳይዘጉ ጠረጴዛው ላይ ተዉት። እስከ ነገ በር አልዘጋም ማለታቸው ነው ብዬ ተረድቼዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሰይድ ጠራኝ። የተመለሰው ሳጥን መሥራት አለመሥራቱን እያየ ነበር። ትናንት ማታ ሳጥኑ ተመልሷል ብዬ ደውዬላት ነበር፤ ቅጿን እንደገና ከፍታ የመጀመሪያዋ የሞላችው እታለም ናት፤ ከደቅ፣ ኔትወርክ ከሚይዝባት ዳር።

«ስልክሽና ስምሽ ትክክል ነው» አለ። «ዝምድናው ላይ ግን ተሳስታለች። እህቷ አይደለሽ? ልጄ ብላ ነው የጻፈችው። ላርመው?»

እጁን ከቁልፉ ላይ አነሣሁት። «ተወው፣ ልክ ነው» አልሁት።